ባዶውን የሚፈጭ ወፍጮ

ልጅ ሳለሁ ድንጋይ እፈራ ነበር። ወሎ ቦረና ተወልዶ ድንጋይ መፍራት መቼም መከራ ነው፤ ማምለጫ የለውም። የቤታችን ግድግዳ ድንጋይ፣ የበጎቹ ጉረኖ ድንጋይ፣ የእርሻው ወሰን ድንጋይ፣ እናቴ የምትፈጭበትም ድንጋይ፤ ሽማግሌዎች የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ እንኳ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው። ሌላው ልጅ ጅብ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል። እኔ ግን የሚያስፈራኝን ነገር በየእርምጃዬ እየረገጥኩት ነው ያደግኩት።

ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ከመንደራችን በስተምዕራብ ያለውን ገደል ነበር። መንደራችን ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ትርቃለች። ገደሉ እንደ ሌላው ገደል ዝም ብሎ የተናደ ግድግዳ አይደለም። ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ፣ ሰው በመሮ የጠረባቸው የሚመስሉ ጥቁር ምሰሶዎች ናቸው። የመንደሩ ሰው «ቋሚዎቹ» ይላቸዋል። ፀሐይ ከኋላቸው ስትወርድ ጥላቸው እየረዘመ መጀመሪያ ማሳውን፣ ቀጥሎ ጉረኖውን፣ በመጨረሻ ደጃችንን ይነካል። ያኔ እኔ እየሮጥኩ ቤት እገባለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው ጀንበር ባዘቀዘቀች ቁጥር እንደ ዶሮ የምትከተተው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም። ምክንያቱ አያ ይመር ነበሩ።

አያ ይመር ወፍጮ ጠራቢ ናቸው። ከቋሚዎቹ አናት እየተፈነቀለ ከሚወርደው ድንጋይ መርጠው ወፍጮውንም፣ በላዩ ወዲያና ወዲህ የሚገፋውን መጁንም ያወጣሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ መሯቸውንና መዶሻቸውን በስልቻ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ይወቅራሉ። ወፍጮ ሲፈጭበት ከርሞ ፊቱ ይለሰልስና እህሉን ከማድቀቅ ይልቅ ማንሸራተት ይጀምራል፤ ያኔ በመሮ ጫፍ ነጥብ በነጥብ እየተመታ እንደገና ይሻክራል። የግራ ዓይናቸውን በጎልማሳነታቸው የድንጋይ ፍንጣሪ አጥፍቶባቸው ነበር። ስለ ዓይናቸው የጠየቃቸው ሰው ካለ «ድንጋዩ ግብሩን ወሰደ» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩም። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። እሳቸው እስላም፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ በእኛ አገር ይህ ከቤተኝነት አያግድም። ታናሽ ወንድሜ ሀብቴ ሲወለድ እናቴ ምጥ ጠንቶባት ነበርና ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ ያደሩት እሳቸው ናቸው ይባላል።

እኛ ቤት ሲወቅሩ ይውሉና ምሽት ላይ ምድጃው ዳር ይቀመጣሉ። ጭሱ ወደ ጣሪያው መውጣቱን ትቶ መሃል ቤት ይንሳፈፋል፤ ኩራዟ ግድግዳው ላይ ባለችው ጉድጓድ ውስጥ ትርገበገባለች፤ ፂማቸው በድንጋይ ብናኝ ግራጫ ሆኖ በፍሙ ብርሃን ጎን ጎኑ ይቀላል። እናቴ ትኩስ ቂጣ ታቀርብላቸዋለች፤ እሳቸው ከቂጣው ቆርሰው መጀመሪያ ለሀብቴ፣ ቀጥሎ ለእኔ ይሰጡና የተረፈውን ይበላሉ። ከዚያ ተረቱ ይጀመራል። ሌላ ተረት አያውቁም ማለት ይቻላል። ያንኑ አንዱን ነው በመጡ ቁጥር የሚነግሩን፤ እኛም ያንኑ አንዱን ነው በመጡ ቁጥር የምንፈራው።

ይህ የምታዩት ድንጋይ ሁሉ ድንጋይ አልነበረም ይሉናል። እሳት ነበር። እንደ እንጨት እሳት የሚንበለበል አይደለም፤ እንደ ገንፎ የወፈረ፣ እየተንፏቀቀ የሚሄድ፣ ቀይ። ምድር ተሰንጥቃ ከሆዷ አወጣችው። ያኔ ቋሚዎቹ ያሉበት ቦታ ሜዳ ነበር፤ ሜዳው ላይ ከብት የሞላው ደህና መንደር ነበረ። የመንደሩ ሰዎች አንድ ቀን ምሽት በሩቁ ቀይ መስመር አዩ። በማግሥቱም አዩት፤ ትንሽ ቀርቧል። እሳቱ አይሮጥም፤ ቀኑን ሙሉ ሄዶ አንድ ማሳ ቢያልፍ ነው። ቀስ ስለሚል ማንም አልሮጠም። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ፈርቶ ዕቃውን ጭኖ ሊወጣ ያስብና ጎረቤቱን ያያል። ጎረቤቱ ላሙን እያለበ ነው። «ፈሪው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ቀድሜ ብወጣ ምን ይሉኛል?» ይልና እሱም ላሙን ያልባል። ጎረቤትየውም በተራው እሱን አይቶ ይቀመጣል። እንዲህ ሲተያዩ ቀዩ መስመር ማሳውን አለፈ፣ ጉረኖውን አለፈ፣ ደጅ ደረሰ። ያኔም አልጮሁም። ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ እሳቱ ከእግራቸው ጀምሮ ወጣባቸው፤ ከዚያም እንደቆሙ ቀዘቀዘባቸው።

እዚህ ላይ ሲደርሱ አያ ይመር ተነሥተው መጁን ያመጡና ወደ ፍሙ ያስጠጉታል። ድንጋዩ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። «ይኸውላችሁ» ይሉናል፤ «ይህ ቀዳዳ ሁሉ ሳይወጣ የቀረ ጩኸት ነው። እህል ሲፈጩበት ዝም ይላል፤ እህል ያስታግሰዋል። ባዶውን የፈጩት ለት ግን ይጮሃል።» በእኛ መንደር እህሉ ሲያልቅ መጁ ወዲያው ከወፍጮው ላይ ተነሥቶ በጎኑ ይጋደማል። ባዶ ወፍጮ ላይ መጅ የሚገፋ ልጅ ካለ እጁን ይመታል።

እኔ ክርክር የምወድ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። አንድ ጊዜ «እንዴት ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ የሚጮህ ይጠፋል?» ብዬ ተነሣሁባቸው። አያ ይመር በአንድ ዓይናቸው ሲያዩኝ ቆዩና «አንዲት ልጅ ነበረች ይባላል። ልትጮህ ስትል እናቷ አፏን በእጇ ያዘቻት» አሉኝ። እኔም አላረፍኩም፤ «ይህ ተረት ነው፤ ድንጋይ እሳት አይሆንም» አልኳቸው። በማግሥቱ እጄን ይዘው ቋሚዎቹ ሥር ወሰዱኝ። ጥቁሩ ድንጋይ ከሚያልቅበት በታች አንድ ክንድ የሚሆን ቀይ አፈር ገደሉን እንደ መቀነት ዞሮታል። አያ ይመር በጥፍራቸው ፈቅፈው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ከእሳት የወጣ የሸክላ ስባሪ ይመስላል። «አፈር ሳይጠበስ እንዲህ ይቀላል?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ከጥላው መሮጥ የጀመርኩት።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ሰዎች ኋላ የስድሳ ስድስቱ ረሃብ እያሉ ጠሩት እንጂ በእኛ ቤት የገባው ስም ሳይኖረው ነው። መጀመሪያ በልጉ ቀረ፤ «ክረምቱ ይክሰዋል» ተባለ። ክረምቱ ደመናውን አሳይቶ በነፋስ ወሰደው፤ «ዘግይቶ ነው» ተባለ። ጎተራው ተጠረገ። በጎቹ አንድ በአንድ አለቁ። አባቴ «ቆላ ወርጄ የቀን ሥራ ሠርቼ እህል ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ሀብቴን ጉንጩን ሳመው፤ እኔን ግን ኩርፊያ ይዤ ስለነበር ከሩቅ ነው ያየኝ። የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ኩርፊያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናቴ የሺ የምትባል፣ እንግዳ በመቀበል ከታወቀ ቤት የተወለደች ሴት ነበረች። ደጇን ያለፈ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም። ለእንዲህ ያለች ሴት ረሃብ ከሚያመጣው የሆድ ሕመም ይልቅ የሚያመጣው ወሬ ይበልጥባታል። በመንገድ ስትሄድ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ «እንዴት ናችሁ?» ሲሏት አፏን ሞልታ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሀብቴ አራት ዓመቱ ነበር። መሮጥ ትቶ መራመድ፣ መራመድ ትቶ መቀመጥ ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ምሽት እንደ ልማዴ ከጥላው ሸሽቼ ስገባ ከጓዳ የወፍጮ ድምፅ ሰማሁ። ደስታዬን እንዴት ልናገረው! አፌ ውሃ ሞላ። ገብስ ከየት አገኘች ብዬ ሮጬ ገባሁ። እናቴ ተንበርክካ ትፈጫለች፤ ወፍጮው ላይ ግን ምንም የለም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እህል ሲፈጭ የሚሰማው ያ የሚያባብል ድምፅ አይደለም፤ ከደረቀ ጉሮሮ የሚወጣ ማቃሰት ነው። ገበቴው ውስጥ ያለው ዱቄት ሳይሆን ጥቁር ብናኝ ነበር። በሩን ልዘጋው ስል ዞር ሳትል «ተይው፤ ክፍት ይሁን» አለችኝ።

«እማ፣ ባዶውን እኮ ነው! ይጮሃል እኮ!»

«እትዬ በለጡ ዛሬም ስትፈጭ ሰማኋት» አለች፤ በለጡ ከጉረኖው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት። «ከታች ያሉትም ይፈጫሉ። የሺ ብቻ ወፍጮዋ ጠፋ እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው? በይ በማርያም ማይልኝ፤ ለማንም አልናገርም በይ።»

በማርያም ማልኩላት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጥላው ደጃችንን ሲነካ እናቴ ወፍጮው ላይ ትንበረከካለች። እኔ ሀብቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ጆሮውን በእጆቼ እይዝለታለሁ። መብራት የለም፤ የኩራዙ ጋዝ ካለቀ ከርሟል። ምድጃው ውስጥ ያለችው የኩበት ፍም ዓይኗን ትከፍታለች፣ ትጨፍናለች። ያኔ በተከፈተው በር የሌሎቹም ቤቶች ወፍጮ ይገባል፤ የእትዬ በለጡ፣ ከእሷ በታች የዲያቆኑ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ የሌሎቹ። እኔ እነዚያን ሰዎች እንደጠላኋቸው ማንንም ጠልቼ አላውቅም። እትዬ በለጡ ገብስ እየፈጨች ለሀብቴ አንድ እፍኝ መላክ እንዴት ያቅታታል እያልኩ ተኝቼ እረግማት ነበር። በአሥር ዓመት ልጅ አፍ የማይገባ እርግማን ነው የረገምኳት።

አንድ ጠዋት የመንደሩ ጭቃ ሹም ደብተር ይዞ መጣና ሰዉን ወይራው ሥር ሰበሰበ። መካነ ሰላም የእርዳታ እህል ሳይገባ አልቀረም፣ የተራበ መንደር ካለ ስሙ እንዲያዝ ታዝዣለሁ አለ። «የቸገረው ሰው ካለ ይነሣ» አለ። ማንም አልተነሣም። ሁሉም ጎን ለጎን ቆሞ ጎረቤቱን በዓይኑ ጫፍ ያያል። እትዬ በለጡ እናቴን አየች፤ እናቴ እትዬ በለጡን አየች። የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጣቶቿ ሲጠብቁ ተሰማኝ። ጭቃ ሹሙ እያየን ቆየና ፊቱ ፈካ። «እኔስ ትናንት በዚህ ሳልፍ የሁላችሁንም ወፍጮ ሰምቻለሁ። ተመስገን ነው፤ ከእናንተ የባሰ አለ» ብሎ ደብተሩን አጠፈና ወደሚቀጥለው መንደር ሄደ። ጩኸቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። በማርያም ምያለሁና መልሼ ዋጥኩት።

አያ ይመር የመጡት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ማንም አልጠራቸውም፤ እህል በሌለበት ዘመን ወፍጮ የሚያስወቅር የለም። ከሩቅ ሳያቸው ስልቻው ሰውየውን የተሸከመ መሰለኝ። ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበርና ወፍጮዎቹ አንድ በአንድ ጀምረዋል። አያ ይመር ወደ ቤት አልገቡም። ከጉረኖው አጠገብ ቆመው ደህናውን ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ብዙ ቆዩ።

«ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «መንደሩ በሙሉ?»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም ነበር።

«ስሚ» አሉኝ፤ «ያ የበለጡ ነው። እኔ ነኝ የጠረብኩት፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። እህል የለበትም። ያም የዲያቆኑ ነው፤ እህል የለበትም። ያም። ያም። ወላሂ አንድ ቤት እህል የለበትም።»

ያኔ የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቀውም። ቋሚዎቹን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ጥላቸው እግሬ ሥር ደርሶ ነበር።

አያ ይመር ሲገቡ እናቴ መጁን በጥድፊያ አንሥታ አጋደመችው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ወፍጮው ፊት ላይ አሳለፉ። እንደ መስተዋት ለስልሶ ነበር፤ እህል ያላየ ድንጋይ ብቻ ነው እንደዚያ የሚለሰልሰው። እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉና ተቀመጡ።

«እንደምን ከረማችሁ የሺ?»

«ተመስገን አያ ይመር፣ አለን፤ ምንም አልጎደለብን። እርስዎስ እንደምን ከረሙ?»

«አልሐምዱሊላህ። በልቼ ነው የመጣሁ፤ ከታች መንደር አብልተውኝ። ምንም እንዳትቸገሪ።»

እናቴ የምታቀርበው ነገር እንዳልነበራት ሁለቱም ያውቁ ነበር። አያ ይመር ከስልቻቸው ውስጥ ከመሮው ሥር ትንሽ ቋጠሮ አወጡ። ፈቱትና አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ እጄ ላይ ገለበጡልኝ። «ለመንገድ የያዝኩት ተርፎኝ ነው» አሉኝ፤ «አብሽሪ፤ በውሃ አርሺና ለልጁ ጥቂት ጥቂት ስጪው። በአንዴ አይሆንም።» እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ቆሎውን ቆጥቤ፣ አርሼ፣ ፍሬ በፍሬ ሀብቴ አፍ ውስጥ አደረግኩ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አይቼ ደስ ስላለኝ አያ ይመርን ቀና ብዬም አላየኋቸውም።

ያን ምሽትም ተረቱን ነገሩን። ድምፃቸው ከፍሙ እኩል ይደክም ነበር። ቀዩ መስመር ማሳውን አለፈ፣ ጉረኖውን አለፈ፣ ደጅ ደረሰ። ልጅቷ ልትጮህ ስትል እናቷ አፏን ያዘቻት። እኔ ከጠየቅኳቸው ወዲህ ሁሌ እዚያ ላይ ነበር የሚያበቁት። ያን ጊዜ ግን «አንዳንዴ ሳስበው» አሉ፤ «ልጅቷ ብትነክሳት ኖሮ እላለሁ። የእናቷን እጅ ብትነክሰው።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። እናቴ አንገቷን ደፍታ ኩበቱን ትቆሰቁስ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ስልቻቸውን አንግተው ወጡ። «ወዴት ነው አያ ይመር?» አልኳቸው። «ድንጋይ ልመርጥ» ብለው ወደ ቋሚዎቹ አመለከቱኝ። በዚያ ዘመን ማን ወፍጮ እንደሚያስጠርብ አልጠየቅኳቸውም።

ቀኑን ሙሉ ማርያም ትቆጣኛለች እላለሁ፤ ደግሞ ሀብቴን አየዋለሁ። ጀንበር ወረደች፤ ጥላው ማሳውን አለፈ፣ ጉረኖውን አለፈ። የእትዬ በለጡ ወፍጮ ጀመረ። የእኛም ጀመረ። ያኔ የጉረኖው ካብ ላይ ወጣሁና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጮኽኩ።

«ድንጋይ ነው የምንፈጨው! እህል የለንም! እናንተም የላችሁም! ሁላችሁም ድንጋይ ነው የምትፈጩት!»

እናቴ እንዴት እንደ ደረሰችብኝ አላውቅም። ከካቡ ላይ ጎትታ አወረደችኝና አፌን በመዳፏ ከደነችው። ነከስኳት። ደሟን ከመቅመሴ በፊት የቀመስኩት የድንጋይ ብናኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። እጇን ስታነሣ ደግሜ ጮኽኩ።

የእኛ ወፍጮ ቆሟል። የእትዬ በለጡም ቆመ። ከዚያ የዲያቆኑ፣ ከዚያ ከታች ያሉት፣ አንዱ ሲቆም ሌላው እየተከተለው መንደሩ ጭር አለ። እትዬ በለጡ ደጇ ላይ ወጣች። እጆቿ እስከ ክርኗ ጥቁር ብናኝ ለብሰዋል። የእናቴን እጆች አየች፤ እነሱም እንደዚያው ናቸው።

«የሺ፣ አንቺም?» አለች።

«አንቺም በለጡ?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ተቃቀፉ። እኔ ያቺን ሴት የረገምኩትን እርግማን አስታውሼ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሲነጋ መንደሩ በሙሉ ወደ መካነ ሰላም ተነሣ። ግማሽ ቀን የምንለው መንገድ ሁለት ቀን ፈጀብን። የተነሣነው ሁሉ አልደረስንም፤ የዲያቆኑ እናትና አንዲት አራስ መንገድ ላይ ቀሩ። ሀብቴን እናቴና እትዬ በለጡ እየተፈራረቁ አዘሉት፤ እኔ ከሥር ከሥር እየሄድኩ በጋቢዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ቆሎ ፍሬ በፍሬ እሰጠው ነበር። የመጨረሻዋን ፍሬ የሰጠሁት ከተማው ሲታየን ነው። ደረስን። ሀብቴ ተረፈ።

አያ ይመርን ያገኟቸው እህል ይዘው ቀድመውን የተመለሱ ወንዶች ናቸው። ቋሚዎቹ ሥር፣ ቀዩ አፈር ባለበት፣ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ስልቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስልቻው ውስጥ መሮ፣ መዶሻና ባዶ ቋጠሮ ነበር። እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት እንዲቀበሩ ወንዶቹ ወደ ታች መንደር ሰው ላኩ። የተላከው ሰው ብቻውን ተመለሰ። ታች መንደር ሰው ከወጣበት ወር አልፎታል፤ በሮቹ ሁሉ በእሾህ ተዘግተው ነበር አለ።

በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ ወርደው አገሩ ሁሉ ሲታመስ ከተማሪ ቤት የተላኩ ዘማቾች ወደ እኛ መንደር መጡ። ፊደል የምታስተምረን አንዲት ጎፈሬዋን ያበጠረች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ቋሚዎቹ ሥር አስቀምጣን ይህ እሳተ ገሞራ የተፋው የቀለጠ አለት ነው፣ ላቫ ይባላል፣ ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ እንዲህ ምሰሶ ይሆናል አለችን። ቀዳዳው አየር የወጣበት ነው፤ ቀዩ አፈር እሳቱ ሲያልፍበት የተጠበሰ ነው። እኔ ኩራቴ ሌላ ነበር፤ አያ ይመር ያሉት ሁሉ ልክ ነው! «ሰዎቹስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «የትኞቹ ሰዎች?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀችና «ያኔ ገና ሰው የሚባል አልነበረም» አለችኝ። ቀጥላ ግን እኛ ስናልቅ አዲስ አበባ ላይ ረሃብ የለም ይባል እንደነበር፣ ትልልቆቹ ሰዎች ለውጭ እንግዳ እንዳይታይ ደብቀውት እንደኖሩ አጫወተችን። እዚያም ባዶ ወፍጮ ሲፈጭ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ዛሬ የምኖረው ደሴ ነው። ሀብቴ ልጆች ወልዷል፤ እግሮቹ ቀጭን እንደሆኑ ቀርተዋል እንጂ ደህና ነው። እናቴ በስተርጅናዋ አጠገቤ ስትቀመጥ የአውራ ጣቷን ሥር፣ ጥርሴ ያረፈበትን ጠባሳ፣ በሌላው እጇ ታሻሸው ነበር፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል ሳንነጋገር ሞተች። መጁን እኔ ወሰድኩት። ሳሎኔ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ የሀብቴ ልጆች ሲመጡ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ይከታሉ። ተረቱንም እነግራቸዋለሁ።

ድንጋይ መፍራት ትቻለሁ። አሁን የሚያስፈራኝ ደህና ነኝ የሚለኝ ሰው ነው። «እንዴት ነህ?» ስለው «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝ» የሚለኝ ሰው ካለ ሁለተኛ እጠይቀዋለሁ፣ ሦስተኛም እጠይቀዋለሁ፤ ሰዎች ነገረኛ ሴት ነች ይሉኛል፣ ይበሉኝ። የመንደሩን ወፍጮ ሁሉ ያስቆመችው ልጅ እያሉ ሲያወድሱኝ ግን ዝም እላለሁ። ያን ምሽት ምድጃው ዳር፣ ከክንዴ በማይርቅ ቦታ፣ ሌላም ባዶውን የሚፈጭ ወፍጮ ነበር። ዓይኔ እያየ አያ ይመር የመጨረሻ እፍኛቸውን እጄ ላይ ገልብጠው «ተርፎኝ ነው» አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው።